ፓርኩ ክረምት ላይ ለምን ይዘጋል? ስለ ጥገናውና እድሳቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ገብቶ የደሴው የልጆች መጫወቻ ፓርካችን በሩ ከተዘጋ ስልካችን አያርፍም፣ ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ብንወጣ እንኳ «መቼ ነው ምትከፍቱት?» ሚለን ሰው አይጠፋም። እና ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ያላችሁ ቤተሰቦች ደጋግማችሁ ምትጠይቁንን ሰብስበን እዚህ እንመልሳለን። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ የልጆች ነገር ስለሆነ በሁለት ቃል ማለፍ አይሆንልንም።

ልጆች እረፍት ሚወጡት ክረምት ነው፣ እናንተ ምትዘጉትም ክረምት። ለምን እንደዛ ይሆናል?

እውነት ነው፣ ልጆቹ ሰኔ ላይ ፈተና ጨርሰው እስከ መስከረም ቤት ነው ሚውሉት፣ ለኛም በገንዘቡ ቢታይ ብንከፍት ነበር ሚሻለን። ግን የደሴን ሐምሌና ነሐሴ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይቆያል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴ በረዶ ይቀላቀልበታል፣ መብረቁም አለ። መብረቅ ባለበት ሰዓት ከፍ ያለ ብረት ላይ ሰው አስቀምጦ ማሽከርከር ጭራሽ ሚታሰብ አይደለም። እርጥብ ፍሬን እንደ ደረቁ አይዝም፣ ቺንጋውም ይንሸራተታል። ጉሙ ሲወፍር ደግሞ ኦፕሬተሩ ከፍ ብሎ ያለውን ወንበር ማየት ያቅተዋል፣ የማያየውን ሰው ማሽከርከር የለበትም በቃ።

ይሄ አንዱ ምክንያት ነው፣ ዋናው ግን ጥገናው ራሱ ነው። በጋ ላይ ቅዳሜ እሁድ አለ፣ በዓል አለ፣ ልደት አለ፣ ከትምህርት ቤት ተሰልፈው ሚመጡ ልጆች አሉ፣ ስለዚ ማታ ማታ ምንነካው የላይ የላዩን ነው፣ ግራሶ እንሞላለን፣ የላላ ብሎን እናጠብቃለን፣ የተቃጠለ አምፖል እንቀይራለን። ማሽኑን ፈቶ ውስጡን ለማየት ሳምንታት መቆም አለበት። ይሄ የኛ ብቻ ነገር አይደለም፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ያለው ሴዳር ፖይንት እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ ያለ ቦታ ነው፣ እነሱም ብርዱ ሲመጣ ይዘጉና የሮለር ኮስተሮቹን ባቡሮች ፈታተው እየፈተሹ ነው ለሚቀጥለው ሲዝን ሚያደርሷቸው። እነሱን ብርድ ያስቆማቸዋል፣ እኛን ዝናብ።

በልግስ ዝናብ አይደል? ያን ጊዜ ለምን አትዘጉም?

በልጉ እንደ ክረምቱ አይዘልቅም፣ አንድ አመት ጥሩ ይዘንባል ሌላ አመት ይቀራል፣ በሱ ፕሮግራም ማውጣት አይቻልም። ሲዘንብ እናቆማለን፣ ሲያባራ ወንበሩን አድርቀን ባዶውን አንድ ሁለት ዙር አዙረን እንቀጥላለን።

ለእንቁጣጣሽ ይከፈታል አይከፈትም? ቁርጡን ንገሩን

የትንንሾቹ ክፍል ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ ነው ሁሌም ምንሠራው። ትልልቆቹ ማሽኖች ግን ተራቸውን ጠብቀው ነው ሚገቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መስቀል ገደማ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ከየሀገሩ ሚመጣው እንግዳ ብዙው በደሴ ስለሚያልፍ ለሱ ሁሉም ቢደርስልን ደስ ይለናል። መውሊድ ደግሞ በየአመቱ 10 ወይ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚሄድ አሁን አሁን ክረምቱ ውስጥ እየገባብን ነው፣ መውሊድን ለማክበር ጀማ ንጉሥ ደርሰው ሚመለሱ ቤተሰቦች በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን ትንሽ እናጫውት ሲሉን አይሆንም ማለት በጣም ይከብዳል፣ ግን ፍሬኑ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማሽን ለበዓል ተብሎ በችኮላ አይገጠምም። ቀን ቆርጠን ማንናገረውም ለዚ ነው። አንዴ ቀኑ ከተነገረ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ቀኑን ማየት ይጀምራል፣ ጥገና ላይ ደግሞ ከዚ የባሰ ነገር የለም።

ኧረ ቀለም ነው እንጂ ሌላ ምን ትሠራላችሁ? ሲከፈት ምናየው ለውጥ ቀለሙ ብቻ ነው

ይሄ ጥያቄ በጣም ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ሰው ያየውን ስለሚናገር አንፈርድም። ግን ቀለም መጨረሻ ላይ ነው ሚመጣው፣ ቀለም ብቻ ቀብቶ መክፈት ደግሞ ጨርሶ ሳይጠግኑ ከመክፈት ይብሳል፣ ምክንያቱም ዝገቱን ይሸፍነዋል።

አንድ የታወቀ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ኦሃዮ ውስጥ በስቴቱ ትልቅ አውደ ርዕይ ላይ ፋየር ቦል ሚባል ተወዛዋዥ ማሽን እየሠራ ሳለ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ተገንጥሎ አንድ ወጣት ሞተ፣ ሰባት ሰው ተጎዳ። ማሽኑ 18 አመት ያገለገለ ነበር፣ በዛው ሰሞን ተፈትሾ ይሥራ ተብሎለት ነበር። ኋላ ሲጣራ ወንበሮቹን የተሸከመው ብረት ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ውፍረቱ ሳስቶ ነው የተገኘው። ከውጭ ሚያየው ሰው ሚያገኘው ደህና ቀለም ነው። ክፍት ያልሆነ ብረት፣ ማለትም ቱቦ ወይ ሳጥን የሆነ ነገር፣ በትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከገባው መውጫ የለውም፣ እዛው ተቀምጦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። የደሴ ጉምና ዝናብ ደግሞ ለዚ ሥራ የተመቸ ነው።

ስለዚ መጀመሪያ ምናደርገው ቱቦዎቹንና ክንዶቹን በአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ቦታ በቦታ እየነኩ መለካት ነው። መሳሪያዋ በእጅ ምትያዝ ናት፣ ብረቱ ላይ ትንሽ ጄል ይቀባና ጫፏ ሲያርፍበት በሚሊ ሜትር ትናገራለች፣ ብረቱን መቁረጥም መብሳትም የለም። ከታች በኩል፣ ውሃ ሚጠራቀምበት ጎን ላይ፣ ብዙ ነጥብ እንወስዳለን። ያምናው ቁጥር መዝገብ ላይ ስላለ ጎን ለጎን እናየዋለን፣ የሳሳ ቦታ ካለ ያ ክፍል ይወጣል፣ ላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ በይዶ ማለፍ የለም።

ቀጥሎ ፒኖቹና ብየዳዎቹ ናቸው። ሚደንቀው ነገር ስንጥቅ ሲጀምር በዓይን አይታይም፣ ከፀጉር የቀጠነ ነው። የወንበር ፒን ወጥቶ ግራሶው ሙልጭ ተደርጎ በማጽጃ ይታጠብና ይደርቃል። ከዛ ቀይ ፈሳሽ ይረጭበታል፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ላይ ላዩ ማጽጃ በነካ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በቀጥታ ማጽጃውን መርጨት አይቻልም ምክንያቱም የሰረገውን አጥቦ ያወጣዋል። መጨረሻ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ይነፋበትና ትንሽ ይጠበቃል። ፒኑ ደህና ከሆነ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስንጥቅ ካለበት ነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ እያለች ትወጣለች። እሷ መስመር ስትወጣ አጠገብ የቆመው ሰው ሁሉ ዝም ነው ሚለው፣ ባለፈው ሲዝን እዛ ፒን ላይ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ ሁሉም ያውቃል። ያ ፒን አይበየድም አይሞረድም፣ ይወገዳል፣ ተመልሶ ዕቃ ቤት እንዳይገባም ለሁለት ይቆረጣል።

ቀለሙ ከዚ ሁሉ በኋላ ነው። ዝገቱ ብረቱ እስኪታይ ይፋቃል፣ መጀመሪያ ዝገት ሚከላከለው አንቲረስት ይቀባል፣ ከዛ ሁለተኛው ቀለም፣ ከዛ የላዩ። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ወይም ብረቱ ጤዛ ሚይዝ ያህል ከቀዘቀዘ መቀባት አይቻልም፣ ቀለሙ ይይዝ ይመስልና ጥር ላይ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለዛ ነው ውጭ ያለውን ቀለም ሐምሌ ላይ ማንነካው፣ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ፀሐይ ስትወጣ በሩጫ ሚቀባው። የምንገዛው ቀለምም ጉዳይ አለው፣ ልጆች እጃቸውን ወደ አፋቸው ነው ሚወስዱት። ቀለም ውስጥ ሊድ ሚባለው መርዛማ ነገር ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ሀገራችን ውስጥ ደንብ ወጥቷል፣ ቆርቆሮው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ቀለም አንገዛም።

ፌሪስ ዊሉ (ወደ ላይ ሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ) ወንበሮቹ ሁሉ ወርደው መሬት ላይ አየናቸው፣ ተበላሽቶ ነው?

አብሽሩ አልተበላሸም። ወንበሮቹ ሚወርዱት የተንጠለጠሉበትን ዘንግና ኩሽኔታ ለማየት ነው። ኩሽኔታ ከመበላሸቱ በፊት በድምፅ ይናገራል፣ በእጅ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ሸር ሸር ካለ ይቀየራል። ትልቁ መሃለኛው ኩሽኔታ ደግሞ ግራሶው ትንሽ ይወጣና በጣት መሃል ይታሻል፣ የብረት ብናኝ ሚያብለጨልጭ ነገር ካለበት ውስጥ ሚበላ ነገር አለ ማለት ነው።

በዛው ወቅት የወንበሩ በር መቆለፊያ፣ ሰው ላይ ሚወርደው የብረት መያዣ፣ ስፕሪንጉ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይታያል። መያዣው አንዴ ከተቆለፈ ልጁ ከውስጥ ቢገፋው መከፈት የለበትም፣ ኦፕሬተሩ ከውጭ ሲከፍተው ደግሞ ማስቸገር የለበትም። ሁለቱንም ማያሟላ ወንበር ቁጥሩ ተሸፍኖ ባዶውን ይሽከረከራል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። ስለዚ ሲከፈት አንድ ወንበር ታስሮ ብታዩ እንዳትቆጡ።

የሰንሰለት ዥዋዥዌውም እንደዛው ነው፣ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ፣ ይለካል፣ እርስ በርስ ሚፋተግበት ቦታ ላይ ከድሮ ውፍረቱ 10 በመቶ የተበላ ካለ ሰንሰለቱ በሙሉ ይወጣል።

ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ምትጠብቁት ለምንድነው? ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አስወጥቶ መግጠም አይቻልም?

ኮምቦልቻ ጎበዝ ባለሙያ ሞልቷል፣ ብዙ ነገር እዛ ነው ምናስወጣው። ቡሽ፣ ፑሊ፣ የአጥር ማጠፊያ፣ የባቡሩ ሐዲድ መደገፊያ፣ የሞተር ማስጠቅለል፣ ይሄ ሁሉ እዚሁ ይሠራል፣ ጥራቱም ያኮራል። ግን ሰው ሚሸከም ነገር ላይ መስመር አለን። ሰው ተሸክሞ ሚዞር ፒንና ብሎን ተራ ብረት አይደለም፣ ብረቱ ተለይቶ ተመርጦ በሙቀት ታክሞ ነው ሚወጣው። መልኩ አንድ አይነት ሊሆን ይችላል፣ ልኩም ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሲጫንበት ግን ለየቅል ናቸው።

ብሎን ጭንቅላቱን እዩት፣ 8.8 ወይም 10.9 ሚል ቁጥር አለበት። 8.8 የተባለው እስኪበጠስ 800 ሜጋ ፓስካል ይችላል፣ 10.9 ደግሞ 1000። ገበያ ላይ ምንም ቁጥር የሌለበት ብሎን በርካሽ አለ፣ ለአጥርና ለቆርቆሮ ይሁን፣ ወንበር ላይ አይገባም። ቁጥሩም በውሸት ሚታተምበት ስላለ ከማናውቀው ሱቅ አንገዛም። ፕላስቲክ ቀለበት ያለበት ዳዶ ደግሞ አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይታሰርም፣ አዲስ ነው ሚገባው፣ ሮንዴላውም አብሮ ይቀየራል።

አጠባበቁም በጉልበት አይደለም። የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቶርክ መፍቻ ፋብሪካው በጻፈው ልክ ይጠብቃል፣ ከዛ ከዳዶው ወደ ብረቱ ሚያልፍ ቢጫ መስመር በቀለም ይሰመርበታል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየ ዳዶው አልተንቀሳቀሰም፣ ከተሰበረ ተፈትቷል ማለት ነው፣ ኦፕሬተሩ ጠዋት ጠዋት ዞሮ ሚያየው እሱን ነው። እናንተም ስትመጡ ታዩታላችሁ፣ ልጅ የሞነጫጨረው አይደለም።

መብራት ሲሄድ ልጆቹ ከላይ ተንጠልጥለው ቢቀሩስ? ኤሌክትሪኩንስ ታዩታላችሁ?

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በቀስታ እንዲቆም ነው ሚሠራው፣ ፍሬኑ ኃይል ሲያጣ ራሱ ይይዛል። ፌሪስ ዊሉ በእጅ ሚዞርበት መንገድ አለው፣ ክረምት ላይ እሱን ለብቻው እንሞክረዋለን፣ ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ቆጣሪውን አጥፍተን ሰው በማውረድ ይለማመዳሉ። ጄኔሬተሩም አለ፣ ግን ጄኔሬተር ላይ ብቻ ተማምኖ መክፈት ልክ አይመስለንም።

ከመጥፋቱ በላይ ሚያሳስበን መዋዠቁ ነው። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ዝም ብሎ አይቆምም፣ እያጓራ ይሞቅና ይቃጠላል። ለዚ ፌዝ ሲጎድል ወዲያው ሚቆርጥ መሳሪያ በየማሽኑ አለ፣ ክረምት ላይ ሆን ብለን አንድ ፌዝ አውጥተን እንደሚቆርጥ እናረጋግጣለን። ሰው ሚነካው ቦታ ሁሉ ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ላይ ሚቆርጥ መከላከያ አለ። ሞተሮቹ የሽቦው ሽፋን መልካም መሆኑን በሚያሳየው ሜገር ይለካሉ፣ እርጥበት የገባው ሞተር ይወርድና ይደርቃል። ኬብሎቹን አይጥ ይበላቸዋል፣ ብዙ ሰው ማያስበው ነገር ነው፣ ብርዱ ሲመጣ አይጥ ሞቅ ያለ ሣጥን ፈልጎ መቆጣጠሪያው ውስጥ ይገባል።

ኧርዙን፣ ማለትም ማሽኑን ከመሬት ሚያገናኘውን መስመር፣ ግን ክረምት ላይ ለክቶ መተማመን አይቻልም። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚቆይ ቁጥሩ አምሮ ነው ሚታየው። ጥርና የካቲት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ድጋሚ እንለካዋለን፣ ልክ የሆነው የዛን ጊዜው ነው።

ደሴ ደጋ ስለሆነች ሚመጣ ነገርም አለ። ከተማው ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ሞተሮች ደግሞ ሰሌዳቸው ላይ የተጻፈው አቅም በአብዛኛው እስከ 1000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላ አያቀዘቅዘውም፣ ጄኔሬተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚ አዲስ ዕቃ ስናዝዝ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ ነው ምናዘው። ፀሐዩም ይከፋል፣ ፋይበሩንና ፕላስቲኩን ያነጣዋል፣ ዱቄት ዱቄት ሚል ነገር እጃችሁ ላይ ከቀረ ፋይበሩ ላዩ አልቋል፣ እሱን አለስልሶ ድጋሚ ማልበስ ከክረምቱ ሥራ አንዱ ነው።

ረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ማሽን ይታመናል?

ይሄን ሚጠይቁን በተለይ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። መቆም ለማሽን እረፍት አይደለም። ኩሽኔታ ለወራት በአንድ ቦታ ሲቆም ኳሶቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋሉ፣ ዘይቱን ሚይዘው ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይደርቅና ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ወተት ወተት ሲመስል ታውቁታላችሁ። እንደዛ ያለ ማሽን ቁልፍ ተጫን ሠራ ተብሎ ሰው አይጫንበትም፣ ከዜሮ ነው ሚታየው፣ ጎማና ዘይት የነካው ነገር ሁሉ ይቀየራል። በዚሁ ምክንያት ክረምት ላይ ተዘግቶ እያለም ማሽኖቹን ፀሐይ በወጣ ቀን ባዶአቸውን እናዞራቸዋለን።

ተጋጪ መኪኖቹስ?

ባትሪ ያላቸው ባዶ ባትሪ ይዘው ከቆሙ ባትሪው ይሞታል፣ ስለዚ በየወሩ ቻርጅ ይደረጋሉ። ዙሪያቸው ያለው ጎማ ይታያል፣ የተሰነጠቀ ካለ ይቀየራል፣ ቀበቶው ይቀየራል። መሪው በሁለት እጅ ተይዞ ይወዘወዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሚባል የለም።

ጀምፒንጉ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ለምን አይነፋም?

ንፋስ ነው ምክንያቱ። በአየር ሚነፋ መጫወቻ ላይ አውሮፓውያኑ ያወጡት ገደብ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ንፋስ ነው፣ ከዛ በላይ ልጆች ወርደው አየሩ ይለቀቃል። በዓይን ስትገምቱት ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ማለት ነው። ሲታሰር ቢያንስ ስድስት ቦታ ላይ መሆን አለበት፣ ክረምት ላይ ደግሞ መሬቱ ረግቦ ካስማው በእጅ ሲሳብ ይወጣል። ካስማ ማይዝ መሬት ላይ ጀምፒንግ መንፋት ማለት ልጆቹን ለንፋስ መስጠት ነው። ልደት ላይ ተከራይታችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ምታስነፉም ይሄን እዩ፣ ገመዱ አጥር ላይ ወይ መኪና ላይ ብቻ ከታሰረ አስቁሙት።

ሸርተቴውና ዥዋዥዌው ምን ጥገና ያስፈልገዋል? ቀላል ነገር አይደል?

ቀላል ይመስላል፣ ግን ከፍታ ላይ ያለ ልጅ ወድቆ መሬት ሚያገኝበት ቦታ እሱ ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ክረምት ላይ ጎርፍ ይወስደዋል፣ የቀረውም ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከ2 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የለቀቀ አሸዋ መኖር አለበት፣ አሮጌው ተዝቆ ይወጣል፣ አዲስ ንጹሕ አሸዋ ይገባል፣ ጠጠር ያለበት ተነፍቶ።

ሌላው ክፍተት ነው። በሁለት ብረቶች መሃል ያለ ክፍተት ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይና ከ23 በታች ከሆነ የትንሽ ልጅ ሰውነት ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል። በያጆቻችን መለኪያ ይዘው በየደረጃውና በየመደገፊያው ይዞራሉ። ይሄን ቁጥር ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ መዋዕለ ሕፃናት ምትመሩ፣ ግቢያችሁ ላይ ዥዋዥዌ ያስበየዳችሁ ሁሉ ያዙት፣ ሜትር አውጥታችሁ ዛሬውኑ ለኩ።

ዘንድሮ እድሳቱ ላይ ምን አዲስ ነገር አለ?

አዲስ ማሽን ከመጨመር በፊት መሬቱን ነው ምንሠራው። የደሴ መሬት ተዳፋት ነው፣ ከላይ ሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ከገባ ማሽኑ ያጋድላል። ስለዚ ትልቁ ወጪ ማትታየዋ የውሃ መውረጃ ቦይ ናት፣ መሠረቶቹ ዙሪያ ያለው አፈርም ይቀየራል፣ ማሽኑም በውሃ ልክ ድጋሚ ይለካል። ከዛ ውጭ እናቶች ልጆቻቸውን እያዩ ሚቀመጡበት ጥላ እየጨመርን ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ማይቋረጥበት ታንከር ገብቶለታል፣ ዊልቸር ያለው ልጅ እስከ ባቡሩ ድረስ ያለ ደረጃ ሚደርስበት መንገድ ተሠርቷል። ይሄ የመጨረሻው ለብዙ ጊዜ ስንመኘው የነበረ ነው፣ እህቱ ስትጫወት አጥር ይዞ ሚያይ ልጅ ማየት ከባድ ነው።

ዋጋ ይጨምራል?

የአንዳንዱ ይጨምራል፣ ኩሽኔታና ዘይት ከውጭ ስለሚመጣ። የትንንሾቹ ክፍል ግን ባለበት ይቆያል።

ሠራተኞቹ ክረምት ላይ ይበተናሉ?

አይበተኑም። ማሽኑን አብሮ የፈታ ኦፕሬተር ድምፁ ሲቀየር ቶሎ ይሰማዋል፣ ስለዚ ቲኬት ቆራጯም ሳትቀር ክረምቱን አብራን ትሠራለች። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ሚሰጠው ያኔ ነው።

ከመከፈቱ በፊት ማን ነው ሚሞክረው?

መጀመሪያ ባዶውን ለሰዓታት ይዞራል። ከዛ በየወንበሩ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይታሰራል፣ ሙሉ ጭነት። ከዛ ግማሹ ወንበር ብቻ ይጫናል፣ በአንድ ጎን የከበደ ማሽን ሲነሳና ሲቆም ነው ድክመቱ ሚታየው። መሃል ላይ ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያ ደጋግመን እንጫናለን። ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ የጠገኑት ሰዎች ራሳቸው ይቀመጡበታል፣ በያጁም ኤሌክትሪሺያኑም። ልጅ ሚገባው ከነሱ በኋላ ነው።

እኛ ወላጆች ስንመጣ ምን እንይ?

ኦፕሬተሩ እያንዳንዱን መያዣ በእጁ ገፍቶ ሲያረጋግጥ ማየት አለባችሁ፣ ከሩቅ በዓይኑ ቆጥሮ ካስነሳ አስቁሙት። ከማቆሚያው አጠገብ መራቅ የለበትም፣ ስልክም ማውራት የለበትም። የቁመት መለኪያው ላይ ኦፕሬተሩን ለምን ልጄን ከለከልክ ብላችሁ አትለማመጡት፣ መያዣው የተሠራው ለዛ ቁመት ነው፣ አጭር ልጅ ከሥሩ ይሾልካል፣ ከእናንተ ጋር ቢቀመጥም ያው ነው።

አለባበስ ላይ አደራ እንላለን። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረዘም ያለ ሻሽ፣ የጃኬት ገመድ፣ ሚሽከረከር ነገር አጠገብ ከተለቀቀ ይጠመጠማል። ሂጃብ ያደረጋችሁ እህቶች ጫፉን ልብስ ውስጥ ክተቱት፣ ነጠላውን በር ላይ ለሚጠብቁት እናት ስጡ፣ ማስቀመጫ ሣጥንም አለን።

እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ፣ የተሰበረ ቢጫ መስመር ካያችሁ፣ ወንበር ሲንቀጠቀጥ ከተሰማችሁ ሌላ ሰው ይናገር ብላችሁ አትለፉ። ኦፕሬተሩን አቁም በሉት፣ እንዲያቆም ታዟል፣ አይቆጣችሁም። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው ምናየው፣ ምንም ሳይገኝ ቢቀር እንኳ የሁሉም ሰው ቲኬት ይመለሳል ወይ ድጋሚ ይጫወቱበታል።